የትንፋሽ አዎ

«ትንፋሽ ይቆጥራል» አለች ሀዊ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም ያለችው። ጠዋት የሥራ ቦታዋን መዝጊያ ስትከፍት ትለዋለች፣ ምሳ ላይ ትለዋለች፣ ታክሲ ተራ ቆመን ትለዋለች። ከማን ሰማሽ ስላት በየቀኑ ሌላ ሰው ትጠራለች፤ አንዴ የአክስቷን ልጅ፣ አንዴ አዳማ ያለች የክፍል ጓደኛችንን፣ አንዴ ደግሞ ፈተናውን ወድቆ ቦሌ ውስጥ ውሻ የሚያጥብ ሐኪም። ምንጩ ይለዋወጣል እንጂ ወሬው ያው ነው፦ ቃለ መጠይቁ ላይ ያቺን ትንፋሽ የሳበ ሰው አለቀለት።

ያቺ ትንፋሽ የትኛዋ እንደሆነች ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው ሲያወራን መስማታችንን፣ መስማማታችንን የምንነግርባት፤ አዎ ለማለት ምላስ እንኳ ሳናንቀሳቅስ ወደ ውስጥ ህእ የምንላት። እኛ በሥራችን ስም አውጥተንላታል፤ «የትንፋሽ አዎ» እንላታለን። ጠያቂው ግን የሚያውቃት እንደ ድንጋጤ ነው ይላል ወሬው። ደጋግሞ የደነገጠ ሰው ፈሪ ነው፤ ፈሪ ደግሞ መሰርሰሪያ ይዞ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም።

«እና ምን እናድርግ? መተንፈስ እናቁም?» አልኳት።

ሀዊ ህእ ብላ ሳበችና አፏን በመዳፏ ከደነች። «አየሽ! አሁንም ሳብኩ!»

ሁለታችንም የጥርስ ሐኪሞች ነን። ስድስት ዓመት ተምረናል፣ ጋውን ለብሰን ፎቶ ተነሥተናል፣ እናቶቻችን አልቅሰዋል። ጥርስ መንካት ግን አይፈቀድልንም። ጥርስ የሚነካው ሣጥን የምንለው ማሽን ነው። ሣጥኑን ለማዘዝ ደግሞ ሣጥኑ ከተሠራበት አገር ትምህርት ቤት መመረቅ ያስፈልጋል። የእኛ ዲግሪ እዚያ በር ላይ ለማንኳኳት ብቻ ያገለግላል፤ ከከፈቱልን ከሦስተኛ ዓመት ጀምረን እንደገና እንማራለን፣ ካልከፈቱልን አበቃ። ማመልከት የሚቻለው በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ነው። በእነሱ አጠራር «በውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞች» ነን። እኔ በሕይወቴ ከአዲስ አበባ ርቄ የሄድኩት እስከ ሞጆ ነው፤ ለእነሱ ግን ውጭ ነኝ።

እስኪከፈትልን ድረስ ሣሪስ፣ ድሮ ጫማ ቤቶች በነበሩበት ረድፍ፣ ከንፈር ያዥ ሆነን እንሠራለን። ታካሚው በጀርባው ይተኛና እስከ አንገቱ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሚቀረው ሆዱና ጫማው ነው። በሣጥኑ ጎን ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ እጆቼን አስገብቼ ከንፈሩን ወደ ጎን እይዛለሁ። ጣቴ ከከንፈር አልፎ ድድ ከነካ ሣጥኑ ይጮኻል። ደንበኞቼን የማውቃቸው በጫማቸውና በከንፈራቸው ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ቀና ከማለቴ በፊት እግራቸውን አያለሁ።

ሣጥኑ በየመሀሉ «ሕመም ከሌለ ልቀጥል?» ይላል፣ እንደ ዜና አንባቢ በጠራ አማርኛ። አፉ የተከፈተ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? የትንፋሽ አዎ። ሣጥኑ ግን ህእ ስትባል ሰው የተጎዳ ይመስለዋል፤ መሰርሰሪያውን ይሰበስባል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ከእግሬ ሥር ሁለት መርገጫ ተሠርቶልኛል፤ ቀኙ «ቀጥል»፣ ግራው «አቁም»። ሣጥኑ ከሚሸጥበት አገር ሁሉ ሰው አጠገቡ መቆም ያስፈለገው እኛ ዘንድ ብቻ ነው ይባላል። ስድስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ሆኖ ተገኘ፦ ይሄ ሰውዬ አሁን አዎ አለ ወይስ አመመው?

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የሕመሟ ትንፋሽ ከጉሮሮ ትነሣለች፤ ከንፈሩ ጣቴ ላይ ይደርቃል። የአዎዋ ግን ከንፈር ላይ ተጀምራ እዚያው ከንፈር ላይ ታልቃለች፤ ከንፈሩ እንደላላ ይቀራል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ጉራ አይደለም፤ ጉራ የምነዛበት ሌላ ብዙ ነገር አለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ ዘለቀ ይመጣሉ። ቡናማ ጫማ፣ የግራና የቀኙ ማሠሪያ ለየቅል። ድሮ መኪና ሰው በሚነዳበት ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ከላይ ከፊት አንድ ጥርስ የላቸውም፤ ሣጥኑ ሊያስገባላቸው ስንት ጊዜ ጠየቀ፣ «ሲጋራ ማስቀመጫዬን አትድፈኑብኝ» ብለው እንቢ አሉ። ሲጋራ ካቆሙ ዘመን ሆኗቸዋል። በዚያ ክፍተት ምክንያት የእሳቸው የትንፋሽ አዎ መጨረሻዋ ላይ ቀጭን ፉጨት አላት።

«ዶክተርዬ» አሉኝ ከመተኛታቸው በፊት፣ «ዛሬ ፍሬን አታብዢብኝ። ነዳጁን ርገጪውና ቶሎ እንግባ።»

«እርስዎ ዳገት ካልፈሩ እኔ ምን አገባኝ።»

«ዳገት? ለእኔ? ተሳቢ ይዤ ቁልቢን የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ!» ጫማቸውን አስተካክለው ጋደም አሉ። «ኋላ ግን መኪናው ያለ እኔ መሄድ ተማረ። ከጎኑ አስቀምጠውኝ እያየኝ ነው የተማረው፣ ታውቂያለሽ? ይሄ ያንቺም እስኪማር ነው።»

«እኔን የሚተካ ሣጥን አልተሠራም። ይልቅ አፍዎን ይክፈቱ።»

ገቡ። ሣጥኑ «ሕመም ከሌለ ልቀጥል?» አለ። እኔም ከእሱ ተከትዬ «ጋሽ ዘለቀ፣ ልቀጥል?» አልኳቸው። ደንቡ ይህን በሉ አይልም። ግን ትልቅ ሰው በሣጥን ብቻ ሲጠየቅ አይዋጥልኝም፤ ለሁሉም በስማቸው እጠይቃቸዋለሁ።

ህእ... ፊው።

ቀጥልን ረገጥኩ።

የመለማመጃውን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲያወራሽ አንድ ጉንጭ ውኃ አፍሽ ውስጥ ያዢ። ህእ ልትዪ ስትዪ ትን ይልሻል። ሁለት ሦስት ቀን ትን ያለው ሰው ይማራል። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ረድፉን አዳረሰውና የሣሪስ ከንፈር ያዥ ሁሉ ጉንጩን ነፍቶ የሚሠራ ሆነ። ደንበኞች «ምነው፣ እናንተንም ጥርስ አመማችሁ?» እያሉ ሳቁብን። መልስ መስጠት አንችልም፤ አፋችን ውኃ ነው። አንዱ ጎልማሳ ሐኪም የታካሚ ሆድ ላይ ውኃውን ተፋና ሲጣሉ ዋሉ።

ቋንቋቸውንም ማንም አላስተማረኝም። የተማርኩት ሣጥኑ ሲበላሽ በእነሱ ቋንቋ ከሚያሰማቸው ማስጠንቀቂያዎች ነው። ስለዚህ አነጋገሬ እጅግ ጨዋ ነው። «ስለ መጉላላቱ ይቅርታ እንጠይቃለን» ማለት ከእኔ በላይ የሚችል የለም።

ቤት ውስጥ ግን ጣጣ መጣ። እማዬ ከአፏ ወሬ የማይጠፋ ጡረተኛ ናት፤ የምትጣላው ከመብራት ቆጣሪው ጋር ነው።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ምድጃው ይጥፋ?» ይላል ቆጣሪው።

እማዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች ህእ ትላለች።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ምላሽዎ አልተሰማም። ምድጃው ይጥፋ?»

«አዎ አልኩህ እኮ! ደንቆሮ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ጀመረች፤ ማን እንደተጠራ፣ ማን እንደተረሳ፣ የተረሳችው ሴትዮ ምን እንዳለች። ያን ቀን አፌ ውስጥ ውኃ አልነበረም። አላስፈለገኝም፤ ትንፋሿ ከሄደች ሰንብታለች። ዝም ብዬ እያየኋት ሰማኋት።

እማዬ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ትርሲት፣ እያወራሁሽ እኮ ነው።»

«እየሰማሁሽ ነው፣ እማዬ።»

«የታለ የምትሰሚው? ግድግዳ የማናግር መሰለኝ። በምን አስቀየምኩሽ?» ሽንኩርቱን ገፋ አደረገችው። «ቆጣሪው ይሻላል። እሱ እንኳ መልሶ ይጠይቃል።»

ትምህርት ቤቱ ሲቀበለኝ ትረዳኛለች ብዬ ተውኩት። ሁሉንም ነገር ለዚያ ቀን ነበር የማስተላልፈው፦ ይቅርታውንም፣ ሣቁንም፣ አዲስ ጫማውንም።

ፈተናው ገርጂ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ነበር። ለሀዊና ለእኔ በአንድ ቀን ደረሰን፤ እኔ ቀደም ብዬ፣ እሷ ተከትላኝ። ደጅ ቆመን ሀዊ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንዴ ልለማመድ። የሆነ ነገር ንገሪኝ።»

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

ህእ።

«አለቀልኝ!» አለች። «በናትሽ ሌላ ጥያቄ ጠይቂኝ።»

«ሀዊ፣ አልቆልሻል።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ስሜ ተጠራ።

ክፍሉ ነጭ ነው። አንድ ወንበር፣ ፊት ለፊቱ መስተዋት፣ መስተዋቱ ውስጥ አንዲት ሴት። ሴትዮዋ ታምራለች፤ ስትናገር ትከሻዋ አይነሣም፣ አይወርድም። ረጅም ዐረፍተ ነገር ተናግራ ትጨርሳለች፣ መሀል ላይ አየር አትወስድም። ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገሯን ማየት አቃተኝ።

«ወይዘሪት ትርሲት፣ ሐኪም ነዎት። ሐኪም መሆን ለምን ይፈልጋሉ?»

እውነተኛው መልስ «አንቺው ቀድመሽ መለስሽው» የሚል ነበር። እኔ ግን ያዘጋጀሁትን አቀረብኩ፤ ስለ ሰው ልጅ ፈገግታ፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ ጥራት። እያንዳንዷ ቃል ከሣጥኑ የተወሰደች ናት።

«ቋንቋዎ በጣም ግልጽ ነው» አለችኝ።

«ስላመኑብን እናመሰግናለን» አልኩ።

«ያልተስማሙበትን ትእዛዝ የፈጸሙበትን አንድ ጊዜ ይንገሩን።»

አንድ ብቻ? ጣቴን ከንፈር ላይ አቁሜ፣ የበሰበሰው መንጋጋ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሣጥኑ የተሳሳተ ወገን ሲጀምር ቆሜ የጠበቅሁትን ሁሉ ልንገራት? ልብስ አለባበስን የሚመለከት አንድ የፈጠራ ታሪክ ነገርኳት። ወደደችው። ረጅም ማብራሪያ ሰጠችኝ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ተማሪዎቹ ሕይወት፣ በየመሀሉ «ገባዎት?» እያለች። ምላሴን ላንቃዬ ላይ ለጥፌ «አዎን» አልኩ፣ በቃል፣ በደንብ፣ በየተራው። አንዲት ትንፋሽ አልሳብኩም። ቤት ብሆን ኖሮ እማዬ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ተከፈተና ወደ እጅ ፈተናው ገባሁ።

አሻንጉሊቱ ወንበር ላይ ተጋድሟል። የላስቲክ ፊት፣ የላስቲክ ከንፈር፣ አፉ የተከፈተ። በልማድ ወደ እግሩ አየሁ፤ ከወገቡ በታች የለም። አጠገቡ መሰርሰሪያ አለ።

መሰርሰሪያውን ሳነሣ የሆንኩትን እዚህ አልጽፈውም። ከተመረቅሁ ወዲህ ይዤ አላውቅም። እጄ ግን አልረሳም። ግራ ታች፣ የመጨረሻው መንጋጋ፣ ላዩ ደህና የሚመስል ውስጡ የበሰበሰ ጥርስ። ከላይ ትንሽ ከፈትኩ፣ ብስባሹን አገኘሁት፣ ዳር ዳሩን እየጠረግሁ ወደ ነርቩ ጥግ ተጠጋሁ። የሚያዩኝ ካሉ በደንብ ይዩኝ አልኩ በልቤ። እግሬ መርገጫው ላይ ነው፤ ስጫን ይዞራል፣ ሳነሣ ይቆማል።

ነርቩ አጠገብ ስደርስ የሚጠየቀውን ጠየቅሁ። «ልቀጥል?»

ከላስቲኩ አፍ ውስጥ ትንፋሽ ተሳበች።

ህእ።

አጭር ናት። ከንፈር ላይ ተጀምራ ከንፈር ላይ አለቀች። መጨረሻዋ ላይ ቀጭን ፉጨት ነበረባት፤ ላስቲኩ የሆነ ቦታ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ከአንገቴ በታች ያለው አካሌ ሁሉ ምን እንደሆነች ዐወቀ፤ እግሬ መርገጫውን ሊጫን ተዘጋጀ። ያኔ ጭንቅላቴ መጣ። ይህን አሻንጉሊት የሠራው ማነው? እነሱ ናቸው። እነሱ ዘንድ ይህች ትንፋሽ ምንድን ናት? ድንጋጤ ናት። እኔን የሚፈትኑኝ የአገሬን ልማድ ይዤ እንደመጣሁ ወይስ ትቼው እንደመጣሁ ለማየት ነው። ሣሪስ ቢሆን ቀጥል ነው፤ እዚህ ግን እንደ እነሱ ማሰብ አለብኝ። ወራት ሙሉ ውኃ የጎነጨሁት ለምኔ ነው?

እግሬን አነሣሁ። መሰርሰሪያው ቆመ።

«ታካሚው የጭንቀት ምልክት አሳይቷል» አልኩ በጠራ ቋንቋቸው። «ሕክምናውን አቋርጫለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች መስተዋት ውስጥ ያለችው።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እናመሰግናለን።»

ደጅ ወጥቼ ሀዊን ጠበቅኋት። የወጣችው ዓይኗ ቀልቶ ነው።

«ሳብኩ» አለችኝ። «ስንቴ እንደሳብኩ እኔ አላውቅም። ሴትየዋ አንድ ነገር ባለች ቁጥር ህእ፣ ህእ፣ እንደ ዶሮ! ራሴን ላንቀው ምንም አልቀረኝ።»

«አሻንጉሊቱስ?»

«እሱስ ምን አለው፣ ልቀጥል ስለው አዎ አለኝ፣ ቀጠልኩ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ! እሷም ፈተና ነበረች እንዴ? አንቺ ምን አደረግሽ?»

«አቆምኩ።»

«አቆምሽ...» አለችና መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ጀርባዋን ስዳብሳት፣ አንድ ክፉ ደስታ ውስጤ ሲላወስ ተሰማኝ። ሀዊ ከክፍላችን ለስላሳዋ ነበረች፤ እኔ ደግሞ አንደኛዋ።

ውጤቱ የመጣው ሥራ ላይ እያለን ነው። እጆቼ ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ስልኬ በራሱ ጊዜ አነበበው፣ ጮክ ብሎ፣ ታካሚዋም እየሰማች። «አመልካች ትርሲት፣ ስላመኑብን እናመሰግናለን። ማመልከቻዎ ተዘግቷል።» ልክ እኔ በተናገርኩበት ቃና። ከቀጣዩ ሣጥን የሀዊ ጩኸት ተሰማ፤ እልልታ አልነበረም፣ የፈራ ሰው ጩኸት ነው።

መጥታ ፊቴ ቆመች። «ተሳስተው ነው። ስም ለውጠው ነው። ያንቺን ለእኔ ሰጥተውኝ ነው።»

«እነሱ አይሳሳቱም፣ ሀዊ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«እንዲህ አትበይኝ።»

«ምን ልበልሽ? እልል ልበል? እጄ ሰው አፍ ላይ ነው።»

ወደ ትምህርት ቤቱ አገር ስትሄድ አልሸኘኋትም። ሥራ አለኝ አልኩ፤ እሑድ ነበር።

ረድፉ ላይ ያለው ወሬ ውጤቱ በመጣ ማግሥት ተገለበጠ። «ትንፋሽ ያልሳበ አይቀበሉም አሉ» አለኝ የታካሚ ሆድ ላይ ውኃ የተፋው ሐኪም፣ ከአስተማማኝ ሰው እንደሰማው እየማለ። የሚቀጥለው ዙር አመልካቾች መስተዋት ፊት ቆመው መሳብ መለማመድ ጀመሩ። የአንዱም የእውነት አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሙስ ጋሽ ዘለቀ መጡ፣ ተኙ፣ ገቡ።

«ሕመም ከሌለ ልቀጥል?» አለ ሣጥኑ።

ህእ... ፊው አሉ። እግሬን ወደ ቀኝ መርገጫ ሳደርስ መሰርሰሪያው ቀድሞኝ ዞሯል። ቀይ መብራት የለም። መርገጫውን ብረግጠውም ባልረግጠውም ለውጥ አልነበረውም፤ ሞከርኩት። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ዘለቀ መሰርሰሪያው ሲያርፍላቸው፣ በተከፈተ አፋቸው የሆነ ነገር ጠየቁ፤ «ሊያልቅ ነው?» መሰለኝ።

ሣጥኑ ህእ አለ።

ወደ ውስጥ ነው የሳበው። ሳንባ የሌለው ነገር፣ ከንፈር የሌለው ነገር፣ ልክ እንደ ሰው፣ ልክ እንደ እኛ። ጋሽ ዘለቀም እንደተመለሰላቸው ሰው ዝም አሉ። ጣቴ ሥር ከንፈራቸው ላላ።

ሲወጡ ከላይ ከፊት ጥርስ ነበራቸው። «ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩ መሰለኝ» አሉ፣ በምላሳቸው እየነካኩት። «እያዋዛ ነው የጠየቀኝ ባክሽ፤ አንቺ ነሽ ብዬ።» ከዚያ ፊታቸውን አይቼ ያሰቡት ያን መኪናቸውን እንደሆነ ዐወቅሁ። ሊቀልዱ ፈልገው ተዉት። «በይ ደህና ሁኚ፣ ዶክተርዬ» ብለው እጄን ጨብጠው ሄዱ። ፉጨታቸውን ከዚያ ወዲያ አልሰማሁትም።

በዚያው ወር ከንፈር ያዦች ሁሉ ተሰናበትን። የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በላስቲክ ደፈኗቸው። እኔ ቦሌ ወዳለው የውሻ ማጠቢያ ሄጄ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅሁ። ወረፋው ውስጥ የማውቃቸው ሐኪሞች ነበሩ፤ ሰላም አልተባባልንም።

ሀዊ የደወለችው እኔና እማዬ ምሳ በልተን እንደጨረስን ነው። ላላነሣው ነበር። እማዬ «አንሺው፣ ልጅቷ ምን አደረገችሽ» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ስንተኛ ዓመት ደረስሽ፣ ዶክተር?» አልኳት።

«ትርሲት፣ እዚህ ጥርስ የሚባል ነገር አላየሁም።» ድምፅዋ ተዳክሟል። «ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርገው ትንፋሽ ያሰሙኛል። አዎ ነው ወይስ ሕመም ነው፣ አዎ ነው ወይስ ሕመም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ። ከእኛ አገር የተቀበሏቸውን በሙሉ እዚሁ ነው ያስቀመጧቸው። ከንፈር ያዥ ነኝ አሁንም፤ ከንፈሩ የለም እንጂ።»

«አንቺ ነሽ እንግዲህ ያስተማርሽው። ጎሽ። እኛ ውሻ ልናጥብ ተሰልፈናል።»

ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ትንፋሿ ከጉሮሮ ነው የሚነሣው።

«ትንፋሽ ይቆጥራል ያልኩሽ ውሸት ነው» አለች። «ጠየቅሁ። የአመልካች ትንፋሽ የሚሰማ የለም። ሴትየዋ የምትሰማው ቃል ብቻ ነው። የሚፈልጉት አሻንጉሊቱ ላይ ያለችዋን አንዷን ጥያቄ ነው፤ ሌላው ለወጉ ነው።»

«ይኼን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው?»

«አይደለም። የአሻንጉሊቱ የፈተና ትንፋሽ ቅጂዋ ሳይቆረጥ ደረሰኝ፣ ዛሬ ጠዋት። ለፈተናው መጀመሪያዋን ቆርጠው ጥለውታል። መጀመሪያዋ ላይ የሴት ድምፅ አለ። ‹ጋሽ ዘለቀ፣ ልቀጥል?› ይላል።»

እማዬ ከማዶ ሆና ታየኛለች። ሀዊ መስማቴን እንድነግራት ጠበቀች፤ እንደ ድሮው፣ ወደ ውስጥ፣ በአንዲት ትንፋሽ። አልመጣልኝም።

«ትርሲት? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ትክክለኛውን መልስ በምን ዐወቃችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። በመርገጫው አሉኝ። ትንፋሿ በተቀዳችበት ቀን አንቺ የረገጥሽውን ነው እንደ መልስ የወሰዱት። ሁሉንም አመልካች ያረሙት በእሱ ነው።»

«ምን ረግጬ ነበር?» አልኩ፣ እያወቅሁት።

«ቀጥልን።»